ገዥው

አባቱም ገዥ ነበር፤ የገብስ የስንዴ ገዥ፣
ከባቡሩ ሐዲድ ዳር የብረት ሚዛን ያዥ።
ሃልቮር በዘጠኝ ዓመቱ፣ ቁጥር ሲጽፍ በእርሳስ፣
አየ ያባቱን አውራ ጣት ከሚዛኑ ጫፍ ስትደርስ፤
ጫን አለች፤ ተነሣች።
የጎረቤት ጆንያ ሦስት ፓውንድ ቀለለች።

ልጁ ዝም አለ።
ዝም እንዳለ አደገ፣ ዝም እንዳለ ጠበቃ ሆነ፣
በሃምሳ ዓመቱ ግን ዳኮታን ዞሮ ድምፅ ለመነ፦
«ሚዛን አላጋድልም» አለ፤ አመኑት፣ ተመረጠ፣
በሠላሳ ስምንት ድምፅ ነው ተቀናቃኙን የበለጠ።

ቀይ ወንዝ በሞላ ጊዜ አሸዋ በጆንያ
ሲያቀብል አነጋ፤ ካሜራ አልነበረም በዚያ።
ይህን እኔ አይቻለሁ።

ግን በሦስተኛው በረዶ፣ ከስኳር ፋብሪካው ሰዎች ጋር
በሩን ዘግቶ አመሸ።
አራት መቶ ደመወዝ ባንድ በኩል፣
ባንድ በኩል የወንዙ ውኃ።
ፈረመ። እስክሪብቶዋን ሲጫናት ጣቱን ቢያያት፣
ያባቱ አውራ ጣት ናት።

በጸደይ ዓሣው ነጭ ሆዱን ለሰማይ ሰጠ፤
በኅዳር ሕዝቡ ሌላ ሰው መረጠ።

አሁን ሰማንያ አልፎታል። ሐሙስ ሐሙስ
እኔ ጋ መጥቶ ይላጫል።
ተራ የሚጠብቁ ልጆች «ገዥ ነበርክ አሉ?» ሲሉት፣
«በስንት?» ብሎ ይስቃል፤
ሣቁም እዚያው ይደርቃል።
ፎጣውን ካንገቱ ሳስር ግራ እጁን ጭኑ ላይ ይተዋል፣
የቀኙን አውራ ጣት ግን
ከጨርቁ ሥር ይደብቃል።