የውሾች ካርታ

ሰማዩ ዝቅ ብሎ የግሮኒንገንን ጣሪያ ሲልስ፣
ቪትስከ፣ የሥነ ልቡና ፕሮፌሰሯ፣ ከምድር ቤቷ ስትደርስ፣
ብስክሌቷን ከግድግዳ አስደግፋ፣ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣
መብራቱን ታበራለች፤ ሜትሯን እንደ ዝናር ታጥቃ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ጥያቄ ናት እዚህ ያኖረቻት፤
ሰው እንዴት ይመለሳል፣ ዐይኑን ቢያስሩት፣ መንገዱን ቢያጠፉበት?
(ራሷ ግን፣ ለማንም አትንገሩ፣
የገበያ አዳራሽ ገብታ መውጫው ይጠፋታል በሩ።)

ዐይንህን በጨርቅ ታስራለች። ስምንት እርምጃ ወደፊት።
ዙር። አምስት እርምጃ። ቁም።
«አሁን ወደ ተነሣህበት» ትላለች። ሌላ ምንም አትልም።
አንዱ ሦስት ክንድ ይጎድለዋል፣ ሌላው አልፎ ግድግዳ ይነካል፤
ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት፣ ስሕተቱ ሁሉ ይለካል።
ስሕተት ነው እንጀራዋ።
ልክ የደረሰ ሰው ምንም አይነግራትም፤ አመስግና ትሸኘዋለች።

ማክሰኞ ዕለት ሉፖ ኦልትሆፍ መጣ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤
ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ያደለ፤ እግሩ እንጂ አላረጀም ኩራቱ።
ወረቀት ሰጠችው፣ እርሳስ፤ «ሰፈርህን ሣልልኝ፣ ከጣቢያው እስከ ቦዩ ጫፍ።»
ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እንደ ተማሪ ጀመረ መጻፍ።
ጎዳና አይደለም የጻፈው፤ የቤት ቁጥርም፣ የባለቤት ስምም።
«ቦብ፤ ነጭ ነው፣ አይነክስም።
ሚንት፤ ዕውር ናት፣ ግን ታውቀኛለች በኮቴ።
ካይዘር…» እርሳሱ ቆመ። «ይህን ተይው። ይህ ነው ጠላቴ።»

ውሾች። ካርታው ሁሉ ውሾች። አንድም ሳይቀር የሞቱ፣
በየደጁ ግን የቆሙ፣ ጥርሳቸውም ጭራቸውም እንደ ጥንቱ።
ቤቱ ፈርሷል፣ አጥሩ የለም፣ ቦዩ ላይ ድልድይ ተሠርቷል፤
ሉፖ እያንዳንዱን ጆሮ፣ የቆመውን ከወደቀው ለይቶ፣ ሥሎታል።

በማግስቱ ካርታውን ከከተማው ካርታ ጋር አስተያየች።
የዋህ ውሻ ያለባት መንገድ እንደ ክር ተጠቅልላ ቀርታለች፤
የካይዘር መንገድ፣ በመሬት መቶ አርባ ሜትር ያልሞላች፣
በወረቀቱ ተለጥጣ፣ ጠርዙን ጥሳ፣ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፤
አዎ፣ ጠረጴዛው ላይ! ሽማግሌው ወረቀት አልበቃው ብሎ
እንጨቱ ላይ ቀጥሎ ነበር፣ «ይቅርታ» እንኳ ሳይል፣ ቸኩሎ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ልትወለውል ስትመጣ እጇን ያዘቻት፤
«ተይው፣ መረጃ ነው» አለቻት።
ሴትዮዋም ጎንበስ ብላ አየች፦
ጥቁር የእርሳስ መስመር፣ መጨረሻው ላይ ተጭኖ የተሰበረበት።

ጥናቷን ጻፈች። «የርቀት ግምት በስሜት ይለጠጣል።»
ሠንጠረዥ፣ መቶኛ፣ የግርጌ ማስታወሻ።
ገምጋሚው ከወር በኋላ መለሰ፦ «ናሙናው አንድ ሰው ነው። አይበቃም።»
ልክ ነው፤ አይበቃም።
አንድ ሰው ለማን በቅቶ ያውቃል?

በመጋቢት ደወለች፣ ሉፖን ደግማ ልትጠራው።
ልጁ ፌምከ አነሣች፦ «መጦሪያ ቤት አስገባነው።
መኝታውን አያውቀውም። ምግብ ቤቱን በእጁ ይዘው ነው የሚያደርሱት።
ግን በየማለዳው፣ በስተግራ ሦስተኛው በር ጋ ሲደርስ፣ ይቆማል፤
ያዳምጣል፤ ግድግዳውን ተለጥፎ በማዶ በኩል ያልፋል።
እዚያ ክፍል ያለችው አሮጊት ሹራብ ሠሪ ናት፤ ምን እንዳደረገችው እንጃ።»

ቪትስከ፦ «ከአልጋው እስከ በሩ ስንት እርምጃ ነው?»
ብላ ጠየቀች፣ ወዲያውም አፈረች።
መስመሩ ላይ ዝምታ። ከዚያ ፌምከ፣ እየተራመደች፣ ቆጠረች።
«ሃያ ሁለት። እሱን ብትጠይቂው ግን ሃምሳ ይልሻል።»

አመሻሽ ላይ ወደ ቤቷ ስትነዳ፣ ነፋሱ ፊቷን ሲገፋት፣
በዚያች መንገድ ነበር ማለፊያዋ፤ ዘወትርም የምታልፍባት።
ውሻ የለም። የጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ መስኮቱ ላይ አንድ አበባ።
ከብስክሌቷ ወረደች፣ እየገፋች ወደ ማዶ ተሻገረች፤
ስንት እርምጃ እንደሆነ ግን አልቆጠረች።