ጎመን በጤና፣ ምናልባት

ከፎቃችን ጀርባ፣ ከልብስ ገመዱ ሥር፣
ያልጋነሽ ጎመን ታበቅላለች፣ በመኪና ጎማ፣ በባልዲ አፈር።
ሬሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ። የካቲት ነው፣ ዝናቡ ገና አባራ፤
ጠብታው ቅጠሉ ላይ ይንከባለላል፣ ሳይሰርግ፣ ሳይደርቅ፣ እየበራ።
ጎመን ሰም ይለብሳል።
ወርቁን መፈለግ ነው የኔ ሥራ፤
ሁለት ፌርማታ ርቆ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ነጭ ካፖርት ደርቤ
ቅጠል እፈጫለሁ፤ ጠብታ እቆጥራለሁ፣ በጣቴም በልቤ።

ባለፈው ማታ በሬን አንኳኳች፤ አንድ ፌስታል ሙሉ ጎመን ይዛ።
«አንቺ የቅጠል ዳኛ፣ እስቲ ይህን መርምሪልኝ፤
መድኃኒት ከሆነ ንገሪኝ፣ ካልሆነም አትሸንግዪኝ።
በሬዲዮ ሰምቻለሁ፣ ቅጠል ካንሰር ይከላከላል ብለው ያወራሉ፤
ሐኪሞቹ ጡቴን ቆርጠው አልበቃቸው፣ ማክሰኞ ደግሞ ጠብታ ይላሉ።
ጎመን በጤና ይባል የለ? ተረቱ ውሸት ነው እንዴ?
ከዚያ መርዝ ይልቅ ይህ አይሻልም ለሆዴ?»

ወሰድኩት። ዶክተር ዚቫ መብራቷን አጥፍታ ከሄደች በኋላ
አንዱን ቅጠል ቀደድኩ፤ ሽታው ተመዘዘ እንደ ቢላ።
ያ ሽታ ቅጠሉ ደህና ሳለ የለም። በአንዱ ጓዳ ይተኛል
ድኝ ያዘለ ስኳር፤ በጎረቤቱ ጓዳ መቀስ የሆነ ኢንዛይም ያደፍጣል።
ግድግዳ ለይቷቸው ዕድሜ ልካቸውን አይተዋወቁም፤
ጥርስ ሲያፈርሰው ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም አይሉም።
ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ለአባጨጓሬ ነው፣ ምላሱን ሊለበልብበት፤
እኛ ነን ከሰው ጠብ መሀል ገብተን ተስፋ የጣልንበት።

ማሽኑ መስመር አሰመረ። ሜዳ፤ ሜዳ፤ ሜዳ፤
ድንገት አንድ ጫፍ ቀጥ አለ፣ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ።
የጎማው ጎመን ከገበያው እጥፍ አለው!
እልል ልል ስል አፌን በጓንቴ ያዝኩት።
ሳህን ላይ ያሳደግነው ሕዋስ ይህን ሲቀምስ መባዛት ይተዋል፤ አይቻለሁ።
ሳህን ግን ሰው አይደለም።
ሳህን ጉበት የለው፣ አሽቀሎን የተዳረች ልጅ የለው፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ ጣሪያ ላይ አያፈጥም።

ጠዋት ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።
«ምናልባት» አልኳት።
«ምናልባት? ይሄ ምን ዓይነት መልስ ነው? እናንተ የተማራችሁ፣
አዎ ወይም የለም የሚል ምላስ አልሰጠቻችሁም እናታችሁ?»
«ጎመንሽ ደግ ነው፣ ሙሉ ነው። ግን አጥር ነው፤ እሱም ምናልባት፤
ሌባ ከገባ ወዲያ አጥር ምን ያደርጋል? ጩኸት ነው፣ ዱላ ነው፣ ጎረቤት።»

ፌስታሉን አጣጠፈችው፤ አራት ጊዜ፤ አምስት።
«ስቀቅለውስ?»
«ብዙ ከፈላ መቀሱ ይሞታል።»
«ሰናፍጭ ጣል ባደርግበት?»
ደነገጥኩ። አምና ያነበብኩት ጥናት ይህንኑ ነበር ያለው፤
የሰናፍጭ ፍሬ መቀሱን መልሶ ያመጣዋል።
«ማን ነገረሽ?»
«ምላሴ።»

ማክሰኞ፣ ካፕላን ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት አጠገብ።
ቱቦው ጠብ፤
ጠብ፤
ጠብ።
«ይሄም» አልኳት፣ «መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ልጣጭ ነው።»
ከረጢቱን ዞራ አየችው፣ ሠርግ ላይ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው።
«ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትዪኝም? ዘመዳችን ነዋ!»
ከቦርሳዋ ምሳ ዕቃ አወጣች፤ ጥሬ ጎመን፣ የተከተከተ፣ በሰናፍጭ።
ክፍሉ ሁሉ አነጠሰ።
ነርሷ አፍንጫዋን ይዛ መጣች። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? መድኃኒት ነው?»
ያልጋነሽ አንዱን ነከሰች፤ ግድግዳው ሲፈርስ ሰማሁት።
«ምናልባት» አለቻት፣ እያኘከች።