አንድ ጣሳ

አያቴ አለኸኝ ሰዓት አልነበረው፤
ጥላውን በጫማው መሬት ላይ ሰፈረው።
«ሰባት ጫማ ሞልቷል፤ ሦስት ሰዓት ሆነ»
ይላል ለጎረቤት፣ ቃሉም የታመነ።

እናቴ ይታይሽ፣ ያኔ የስድስት ዓመት፣
እግር በእግር ተከትላ ጠየቀችው አንድ ጥዋት፦
«አባዬ፣ ያንተ እግር ረጅም ነው፤ የኔ አጭር።
ታዲያ ፀሐይዋ በማን እግር ትቆጠር?»

ሌላ አባት ቢሆን «ሂጂ ከዚህ» ይል ነበር።
እሱ ግን ምንም ሳይል፣ ከዘራውን ጥሎ
አቆማት ከፀሐይ፣ ከጥላዋ ጫፍ ላይ ጭራሮ ተክሎ።
ተረከዝ ከአውራ ጣት እያስነካች ሄደች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ላይ ቆመች።

በሱም ሰባት።
በሷም ሰባት።

ያን ቀን ከዚያ ቤት ሥራ የሚባል አልተሠራም፤
ጥላ ሲያሳድዱ ዋሉ።
ጎረምሳውን በጎረምሳ እግር፣ ሽማግሌውን በሽማግሌ፣
ነፍሰ ጡሯን በራሷ፤
ሁሉም በየእግሩ እኩል ወጣ።
አህያዋ ብቻ፣ በኮቴዋ ቢለኳት፣ እምቢ አለች።
አያቴ እስኪሞት ድረስ «የአህያዋ ነገር» እያለ ያስብ ነበር።

ኋላ ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ
አንድ ቆርቆሮ ቢቸና መጣ፣ የዝናብ መለኪያ ሆኖ።
ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ጠፍቶ ስምንተኛ የደረሰች እሷ፤
ደሞዙ ለጨው አይበቃም፤ መዝገቡ ግን የሷ፣ የራሷ።
ጠዋት ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቢበርድም ቢጨቀይም፣
ከጮቄ የወረደው ጉም እጅን ከእጅ ባያሳይም፣
ትወጣለች።
ሰፈሩ ያማታል፦
«ይታይሽ የእግዜርን ጎተራ ትቆጥራለች» ይላታል።

አያቴ በሐምሌ ሞተ።
ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሲተራመስ፣
በሦስት ሰዓት ወጣች፤ ማንም አልጠየቃት እስክትመለስ።
«አሥራ ስምንት ነጥብ አራት።»
መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ ቀለሙ አልፈሰሰም፣
ቁጥሩም ከመስመሩ ዘንበል አላለም።
አላለቀሰችም ያሉ ነበሩ።
ነጥቧን ግን በጣቴ ዳሰስኳት፤
ወረቀቱን በስታ አልፋለች።

እኔ ስምንት ዓመቴ። ሰኔ ገብቶ ደመና ሳይታይ፣
ለጤፍ የታረሰው ማሳ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣
እናቴ «ዜሮ» ጽፋ መዝገቡን ስትዘጋ
ትከሻዋ ይወርዳል፤ ይኸው ነው ነጋ በነጋ።
አሳዘነችኝ።
ሌሊት ተነስቼ፣ ከእንስራው አንድ ጣሳ ቀድቼ፣
ቆርቆሮው ውስጥ ጨመርኩና ተኛሁ ደስታዬን አቅፌ፣ ተሸፋፍኜ።

ጠዋት ለካች።
ጎንበስ ብላ መሬቱን ዳሰሰች፤ አቧራ።
እጅጌዬን አየች፤ እስከ ክርኔ እርጥብ።
ምንም ሳትናገር ጻፈች።
እኔም «ዘነበ ብላለች» ብዬ
ሠላሳ ዓመት በሆዴ ኮራሁ።

አሁን ዓይኗ ደክሟል። መዝገቦቹ ወደኔ መጡ፤
ከልጄ ከናሆም ጋር አቧራቸውን አራግፈን ስንገልጥ
ያን ዓመት፣ ያን ወር አገኘን፤ ሰኔ ሃያ ሁለት፦

«ዝናብ፦ ዜሮ።
ልጄ፦ አንድ ጣሳ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ ለጥቂት ጊዜ ማንበብ አልቻልኩም።
ናሆም «አንድ ጣሳ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ይለኛል፤
መልስ እስክፈልግ ከጎኔ የለም፤
ጣሳ ይዞ ግቢው ውስጥ፣ ውሃው በክርኑ ሲወርድ ይሰማኛል።
ከመደቡ ላይ፣ የማታየን እናቴ
አንገቷን ወደ በሩ አዙራ ጮኸች፦
«ቆይ አንተ ልጅ! ከመጨመርህ በፊት
የቆርቆሮውን የአፉን ስፋት ለካ!»