ሳይጠሩት አቤት

ሥራዬ ብርድ ነው፤ ብርድ እጠግናለሁ፤
ኢሎይሎ ወደብ ላይ ዓሣ ሲራገፍ አለሁ።
የበረዶ ቤቱ ሞተር ሲያቃስት፣ ሲያስለው፣
"ኤርሊንዶን ጥሩት" ሲሉ ነው
አቤት የምለው።

እዚህ የሚጠራኝ አለ። እዚያ ግን ማን አለ፣
"ና" ብሎ የጻፈ፣ "ሰውዬው የኔ ነው" ያለ?
ቀጣሪ ያልጻፈለት፣ ዋስ የሌለው ሰው
ደጅ የሚጠናው ኮምፒውተር ፊት ነው።

ዕድሜ ይላል፤ ሞላሁ።
ትምህርት ይላል፤ ሞላሁ።
የሥራ ዘመን፣ የሚስት ቋንቋ፣ የልጅ ቁጥር፣ የጣት አሻራ፤
"የሚቀጥርህ ድርጅት ስም" ሲለኝ በተራ
ባዶውን በባዶነቱ ትቼው አለፍኩ።
እንደ ቱና ዓሣ ሚዛን ላይ ተሰቀልኩ፤
"ጥቂት ጎደልክ" ተባልኩ።

ከሠላሳ ወዲያ ልደት ዕዳ ነው፤
በያመቱ መጥቶ አምስት ነጥብ የሚቆርሰው።
አርባ የሞላሁ ለት
ሉዝቪሚንዳ ኬክ ሠራች፤ ልጃችን ጄሳ ሻማ ለኮሰችበት።
"እፍ በል" አለችኝ።
እፍ አልኩ፤
አምስት ነጥብ ከእሳቱ ጋር ጠፋብኝ።
ሚስቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈ።

ገንዘብም ይጠየቃል፣ ባንክ ቤት ያደረ፣ የከረመ፣ ያረፈ።
ባለሦስት እግሬን ሸጥኩ፤ እሷ የናቷን ሐብል፤
አስተኛነው ባንክ፣ ስድስት ወር ሳይነካ እንዲውል።
እንደ በሽተኛ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን
"እንዴት አደረ?" እያልን።

በአራተኛው ወር አውሎ ነፋሱ መጣ።
ቆርቆሯችንን እንደ ደብዳቤ ገልጦ አነበበን፣
አንብቦም ጣለን።
ማናንግ ኮራ፣ ጎረቤታችን፣ ሸራ ተሸክማ መጥታ
"ባንክ አላቸው ይላሉ" አለች፤ ቆመች ለአንድ አፍታ።
ምን ልበላት? አለን።
እያለን የለንም።
ብንነካው ያ ሁሉ ወረቀት ይሞታል፤
ባንነካው ፍራሹ፣ የልጅቱ ደብተር፣ ግድግዳው ይበሰብሳል።
ጄሳ በጀርባዋ ተኝታ፣ በሸራው ቀዳዳ እያየች፣
"አባዬ፣ ሰማይ ስንት ነጥብ አለው?" አለች።

አንድ ሌሊት ሉዝ፣ ጠብታው ትራሷን ሲያርሰው፣
"ለመሆኑ" አለች፣ "ማን ጠርቶን ነው?
ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት..."
መልስ አልነበረኝም። ስነሣ ባልዲውን ደፋሁት።

እሷ ግን አልተኛችም ለካ።
በባትሪ ብርሃን፣ ሸራው ሥር፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክታ
የቋንቋ ፈተናውን ደገመች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀመጠች፤
እኔ በዕድሜዬ የጣልኩትን እሷ በአፏ መለሰች፣
ሦስት ነጥብም ጨመረች።

የካቲት። ካልጋሪ።
ሃያ ዓመት በሣጥን የቆለፍኩት ብርድ
እዚህ ሜዳ ላይ ተለቆ ይሄዳል እንደ ባለ ርስት።
ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አርጎ
"ቀጣሪ?" አለ።
"የለም።"
"ዘመድስ?"
"የለም።"
ቀና አለ፤ "ታዲያ ማን ይቀበላችኋል?"
ሉዝ እጄን ጨበጠች።

ከጀርባው፣ ከግድግዳው ሥር፣ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ቆማለች፤
ሞተሯ ያስላል።
አውቀዋለሁ ያንን ሳል፤
ነፋሻው ነው፤ አቧራ በልቶት ከጠርዙ ይጋጫል፤
አንድ ብሎን፣ አንድ ጨርቅ፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ማንም ስሜን አልጠራም።
"አቤት" አልኩ በሆዴ።