አንድ ወንበር ሲጎድል

ጀልባው ከቀረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ሆነ፤
ግራጫ በግራጫ፣ ባሕሩ ከሰማይ ተዳቀለ።
በቺሎዌ ደሴት ዝናብ እንግዳ አይባልም፤
የቤት ልጅ ነው እሱ፣ አንኳኩቶ አይገባም።

አክስቴ ኤዴልሚራ ወንበሮቿን ቆጥራ፣
ለሰባታችን ማደሪያ ስድስቱን ደርድራ፣
ራሷ ድንች ጆንያ ላይ ተቀመጠች።
ለምን ብያት ነበር አንድ ቀን።
«ሁሉ የተመቸው ቤት ቁም ነገር አይወልድም» አለች፤
ለየሰዉ አንዳንድ ቢላ፣ አንዳንድ ድንች አደለች።

«ስለ ዋጋ ክልክል፣ ስለ መንገድ ክልክል፣
ስለ ዝናቡማ እሱ ራሱ ይናገራል።
‹ከየት መጣህ?› ማለት የፖሊስ ነው ሥራ፤
እየላጣችሁ ይህን መልሱልኝ በተራ፦
ተውሳችሁ ያልመለሳችሁት ምን አለ?»

እኔ መሃል ነኝ። ባንድ ጆሮ ስፓኒሽ፣ ባንዱ እንግሊዝኛ፤
አፌ እንደ ቱቦ ነው፣ የሰው ውሃ መተላለፊያ፤
ለዚያች ማታ የራሴ የምለው የለኝም ቃል፣
ከዚህ የተቀዳው በዚያ ይንቆረቆራል።

ዮስት ቀድሞ ሳቀ። ሆላንዳዊ ነው፣ ረጅም፤
ድልድይ ይሠራል፣ ድንች መላጥ ግን አይችልም።
«ጃንጥላ» አለ፤ «የወንድሜ ሚስት ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።»
ኡርሱሊና፣ ትኬት ሻጯ፣ ጀልባ የጠፋባት፣
«ይኸው ዝናቡ! ምነው ይዘኸው ብትመጣ!» ስትለው
ቤቱ አብሯት ሳቀ።
ሳቁ ትንሽ አሞቀን። ከዚያ ሳቁ አለቀ።

ሱንሂ ነርስ ናት።
በሌሊት ፈረቃ አንዲት አሮጊት ሞተችባት፤
ማበጠሪያዋን ከትራስ ሥር አነሣች፣
ልትመልስ ነበር፤ ልጆቿ ሲመጡ ግን
አንዳቸውም ስለ ማበጠሪያው ስላልጠየቁ ተቀየመች።
«ስድስት አገር ይዤው ዞርኩ» አለች፤
«ጠጕሬን ግን አበጥሬበት አላውቅም።»

ይህን ሳሻግር ድምፄ ሰለለ።
ምድጃው ውስጥ እርጥብ እንጨት ጠሽ አለ።
ያኔ ባልዶሜሮ፣ በመንፈቅ አንዴ የሚናገረው፣
ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«በሬ» አለ።

በእኛ ደሴት ሰው ሰፈር ሲለቅ ቤቱን ትቶ አይሄድም፤
ግንድ ላይ አሳርፎ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ በሬ ጠምዶ
ያስጐትተዋል፤ ቤት እንደ ሙሽራ በሰው ታጅቦ ይሄዳል።

«ቤቴን ሳስጐትት የኤሊሴዮን በሬ ተውሼ ነበር።
በማግስቱ ‹ገደል ገባ› አልኩት። ውሸት ነው።
ጭቃ ውስጥ እግሩ ተሰበረ፣ እኔው እየገረፍኩት።
ሃያ ስድስት ዓመቱ።»

ኤሊሴዮ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።
ላጠ፣ ላጠ፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ክር ረዘመ።
«ዐውቃለሁ» አለ።
«ካወቅህ ምነው ዝም አልህ?»
«የእኔ አይደለማ፤ ያንተ ነው። እስክታመጣው ጠበቅሁ።»

ሁለቱ እንግዶች አፍ አፌን አዩ። ቱቦው ደረቀ።
«ስለ በሬ ነው» አልኩ፤ «ስለ አንድ በሬ።»
ሱንሂ አላመነችኝም። ምንም አላለችም ግን፤
ባልዶሜሮ ግማሹን ልጦ የተወውን ድንች
ከእጁ ወስዳ ጨረሰችለት።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። አስተርጓሚ አይጠየቅም።
ቢጠይቁኝ አሁን መልስ አላጣም፦
ያ የሁለት ሽማግሌ ቃል፣ ሳላሻግረው የቀረ፣
አፌ ውስጥ ነው እስከ ዛሬ እንደታሰረ።

ንጋት ላይ የጀልባው ጡሩንባ ተሰማ።
ኤዴልሚራ ደግሞ ከጓዳ ብቅ አለች ተቆጥታ፦
ሁለት ባልዲ ሙሉ ድንች፣ ተልጦ መጥቆር ጀምሯል፤
«ወሬ አበዛችሁ! ይህን ሁሉ አሁን ማን ይበላል?»
ኤሊሴዮ አንዱን ባልዲ አንሥቶ በዝናቡ ወጣ።
«ባልዲዬን ግን መልስ!» ስትለው ሰማሁ፣ ደጃፉ ድረስ ሮጣ።