የግራው ፔዳል

ባሕሩ ነው የደረሰው፣ እኛ አልደረስንም፤
ፍሬን እንኳ በቅጡ፣ በጊዜ አልያዝንም።
አስፋልቱ አለቀና አሸዋው ሲጀምር
ሰባት ሳይክል ቆመ፣ አንድ ቃል ሳንናገር።
“በቃ?” አለች ሄንድሪካ፤ “ሽንት ቤቱስ የት ነው?”
ይኸው ነው ንግግሩ፣ የአህጉር ፍጻሜው።

አለቅሳለሁ ብዬ ነበር ኤላት ስደርስ።
ሉንጊሌ ግን የፊት ጎማውን እየገፋ ባሕር ገባ፣
“ፎቶ አንሡኝ!” እያለ፤
እኔም ጮኽሁ፣ በገዛ አፌ፣ ባማርኛ፦
“ጨው ነው! ካቴናውን ይበላዋል!”
አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር
ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ ያመጣሁትን
በአንድ ማዕበል ሊያዝገው?
ሳቁብኝ። ስቀውም አላበቁ፣
ሁሉም ተከትለውት ገቡ።
የኔዋ ብቻ ደረቅ እንደሆነች ዳር ቆመች።
መካኒክ ነኝ፤ እንባም እንደ ዘይት ነው፣
ጠብ አድርጌ ነው የምጠቀመው።

ጠዋት ታባ ድንበር ላይ
ወታደሯ ልጅ መፍቻዎቼን
አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ
“ይሄስ ምንድን ነው?” ብላኝ ነበር።
ካቴና መፍቻ።
ደግነቱ አማርኛ አታውቅም።

ጩኸቴን የሰማ አንድ ሰው
ከመኪና ማቆሚያው ጥበቃ ቤት ብቅ አለ፤
ቢጫ ሰደርያ፣ ነጭ ሪዝ፤ ጋሽ አየልኝ።
“የማን አገር ልጅ ነህ?”
“የሐዋሳ።”
“ከየት ተነሣህ?”
“ከኬፕታውን።”
“በምን?”
አሳየሁት። ዞሮ ዞሮ አያት፣
መቀመጫዋን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረጋት፣ እንደ በቅሎ።
“አውቶቡስ የለም እንዴ?”
“አለ።”
“እና?”
እና… መልስ አጣሁ።
ለስምንት ወር የመለስኩት ጥያቄ ነው፤
በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ይቀል ነበር።
“ጎማ ስንት ጨረስክ?”
“ዘጠኝ።”
“እኔ ስመጣ፣” አለ፣ “እስከ ሱዳን በእግር ነው።
ጫማ አንድ። እሱም የወንድሜ።”
ሌላ አልጨመረም። አልጠየቅሁትም።
መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ሰንሰለቱን ሊያነሣለት ሄደ።

ማታ አልጋ አገኘን፣ አንሶላው የነጣ፤
እግሬ ግን አልሰማም፣ እንቅልፌ ሲመጣ፤
ዳገት እየወጣ፣ ቁልቁል እየወረደ
ፍራሼን ሲያርስ አድሮ፣ ስንት አገር ሄደ።
ከሌሊቱ በአሥር፣ ፊሽካ የሚነፋ ሳይኖር
ሰባታችንም በረንዳው ላይ ተገናኘን።
ማዶ የዓቃባ መብራት፣ ከሥሩ ጥቁር ውሃ።
“ምን ሆነህ ነው?” ያለ የለም።

በነጋታው ክፍፍል ሆነ፤
አንድ ድስት፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ፖምፓ።
እንደሚፋቱ ባልና ሚስት ተያየን።
ድስቱን ኡልሪክ ወሰደ፣ ቂጡ እንደጠቆረ።
ገመዱን ለሰባት ቆረጥነው፤
ምን እንደምናስርበት እንጃ።
ፖምፓውን ግን ማንም አልነካ።
እኔ አንሥቼ ጋሽ አየልኝ ዘንድ ሄድኩ።
“ሳይክል የለኝም እኮ።”
“ይያዙት።”
ተቀበለኝ፤ አንዴ ገፋና
አፉን ወደ ጉንጩ አስጠጋ፣
ትንፋሹን ሰማ።

ሳይክል ሲታሸግ አይታችሁ ታውቃላችሁ?
መሪው እንደ ታረደ ዶሮ አንገት ይጠመዘዛል፣
ጎማው ይተነፍሳል፣ ሁሉም ካርቶን ውስጥ ይተኛል።
የቀኙ ፔዳል ወደ ግራ ይፈታል፣ እንደ ማንኛውም ብሎን።
የግራው ነው ጉደኛው፤
እሱ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው።
ያላወቀ ሰው ሊፈታው ሲታገል
እያጠበቀው ይውላል።

ሄንድሪካን ጓሮ አገኘኋት፣ ካርቶኗ አጠገብ፣
ተንበርክካ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ መፍቻው ላይ ተንጠልጥላ።
“አልፈታም አለኝ፣” አለች፣ እንባዋም መጣ፤
ለፔዳሉ አይመስለኝም።
እጄን ዘረጋሁ፣
መልሼም ኪሴ ከተትኩት።
ትንሽ ታጥብቀው።