ካርዱ የጠበበው ቃል

አሽንግተን ነው ነገሩ፣ መስከረም ሲጋመስ፣
ከማዕድን ሠራተኞች ክበብ፣ ከቢራው ሽታ መለስ፤
ባሮ ሽንኩርት ታጥቦ፣ ጢሙ ተበጥሮ፣
ጥቁር ከፋይ ላይ ተኝቷል፣ እንደ ሹም ተከብሮ።

ዳኛዋ ሚስ ሃርል በሜትር ትለካለች፣
አንገቱን፣ ወገቡን፤ «ጻፍ» ትለኛለች።
ጸሐፊዋ ነኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣
ትናንት ባጠናሁት ቃል የሚበላኝ አንደበቴ።

የዊልፍ ፕሮውድሎክ ጥንድ ላይ ስንደርስ ቆመች።
አንዱ የሕፃን ጭን ያህላል፤
ሌላው እንደ አውራ ጣት ቀጥኖ ከጎኑ ተጋድሟል።
«አይመሳሰሉም» አለች፤ አለፈች።

ያ ይበቃ ነበር። እኔ ግን እንዲታይልኝ መማሬ፣
«ዲስፕሮፖርሽኔት» ብዬ ጻፍሁ፣ ፊደሉን አሳምሬ፤
ከግማሹ በኋላ ቦታ አጠረኝ፤ ጠርዙን ይዤ ዞርሁ፣
የቃሉን ጅራት ሽቅብ እንደ ሐረግ አወጣሁ።
ልኩን የሳተ ማለት ነው፣ አንዱ ካንዱ ያልተመጠነ፤
ካርዱ ላይ ግን ከሽንኩርቱ ይልቅ ቃሉ ራሱ እንዲያ ሆነ።

ከሰዓት በሩ ተከፈተ። ዊልፍ መነጽሩን አወጣ፣
ፊደሎቹን በጣቱ ተከትሎ፣ ጠርዙ ጋ አንገቱን አጣሞ፣
አልተቆጣ።
ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ሳቀ መሰለኝ፤
ጉንጬን ፈጀኝ።

ማታ ቅርጫቱን ተሸክሜ እስከ ቤቱ ሸኘሁት፤
ከምድጃው በላይ የሠርግ ፎቶ አለ፤ ዓይኔን ጣልሁበት።
ሜቪስ ጉበኑን ልትነካ፣ አበባ በእጇ ይዛ፣
እሱ በደረቷ ልክ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ቁመት ሊገዛ።

«ፎቶ አንሺው ሣጥን ላይ ቁም ቢለኝ» አለ፣ «እምቢ አልሁት።
‹መሰላልና በርጩማ› ነበር ስማችን በሰፈሩ፤
ደህና ቃል ሳያገኙልን አርባ አንድ ዓመት ኖሩ።»

ካርዱን ከመስተዋቱ ጥግ ሰካው፤
ዘመመ፤ አቃናው።
«ትልቁን የተከለችው እሷ ናት፣ በየካቲት፤
ትንሹን እኔ፣ በሚያዝያ፣ ከቀብሩ መልስ።
ጥንድ አይሆኑም፣ አታቅርባቸው አሉኝ።
ጥንድ ናቸው።»

ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔም አፌን ያዝሁ።
በሩ ላይ ቅርጫቱን መለሰልኝ፤ ትንሹ ባሮ ውስጡ ነበር።
«ለሾርባ» አለኝ፣
«ትልቁን አልሰጥም።»

ዛሬም ያን ቃል የምጽፍበት ቀን ይመጣል፤
ብዕሬን ከወረቀቱ ግራ ጫፍ፣ ከጥጉ አነሳለሁ፣
ፊደሉን አሳንሼ፣
ጅራቱ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሜ እለካለሁ።